የቼሳፒክ ሦስት ጫማ ሞገድ ከአትላንቲክ ስድስት ጫማ ለምን ይከብዳል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልን አንባቢ ባሕር ዳር ያደጉ ሲሆኑ፣ ርዝመቷ 22 ጫማ የሆነና ኪሏ (ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ከባድ ክንፍ) ወደ ላይ የሚታጠፍ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዝተው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር አናፖሊስ ያስሯታል። በወዳጃቸው ባለ 30 ጫማ ጀልባ ከዴላዌር ጠረፍ ወደ አትላንቲክ በወጡበት ጊዜ የስድስት ጫማ ሞገድ ቀስ አድርጎ እያነሣ ሲያወርዳቸው ምንም አልመሰላቸውም ነበር። በራሳቸው ጀልባ ግን፣ ትንበያው ሦስት ጫማ ባለበት ቀን፣ ቶማስ ፖይንት አካባቢ ጀልባዋ በአፍንጫዋ ውሃውን እየደበደበች ከቦታዋ አልንቀሳቀስ አለች፤ መቀመጫው ውሃ ያዘ፤ ነፋሱን ከኋላ አድርገው ሲመለሱም መሪው አልታዘዝ ብሎ ድንገት ወደ ጎን ዞረችባቸው። «ጀልባዋ ችግር አለባት ወይ? በሚመጣው ሐምሌ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወደ ውቅያኖስ ብወጣባትስ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የነገሩኝ ሁሉ ጤነኛ በሆነች ትንሽ ጀልባ ላይም የሚደርስ ነው። ትንበያውን ሲያነቡ ቁመቱን ብቻ አይተው ተነሥተዋል፤ ከቁመቱ ጎን የሚጻፈው የሰከንድ ቁጥር ግን ለእርስዎ ጀልባ ከቁመቱ ይበልጣል። ይህ ቁጥር አንዱ የሞገድ አናት ካለፈ በኋላ ተከታዩ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በጥልቅ ውሃ ላይ ሰከንዱን በራሱ አባዝተው እንደገና በ1.56 ቢያባዙት የሞገዱን ርዝመት በሜትር ያገኛሉ። በቼሳፒክ የሦስት ጫማ፣ ማለትም የ0.9 ሜትር ሞገድ ሦስት ሰከንድ ያህል እየቆየ ቢመጣ ርዝመቱ 14 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቱ ከርዝመቱ አንድ አሥራ አምስተኛ ይሆናል ማለት ነው። የአትላንቲኩ ስድስት ጫማ ግን በዘጠኝ ሰከንድ ቢመጣ ርዝመቱ 126 ሜትር ስለሆነ ቁመቱ ከርዝመቱ አንድ ሰባኛ ገደማ ነው፤ ይህን ጀልባዋ እንደ ረጋ ዳገት ወጥታ ትወርደዋለች። ሞገድ ቁመቱ ወደ ርዝመቱ አንድ ሰባተኛ ሲጠጋ ራሱን መሸከም አቅቶት ይሰበራል። ትንበያው የሚሰጠው ቁመት ደግሞ ከሞገዶቹ ሁሉ ከፍተኛ የሆነው አንድ ሦስተኛው አማካይ እንጂ የትልቁ ሞገድ ቁመት አይደለም፤ ሰዓታት ውሃ ላይ ከቆዩ የዚያን ቁጥር እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ አልፎ አልፎ እንደሚገጥምዎ አስቀድመው ይቁጠሩ።

የቼሳፒክ ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ምክንያት ከቦታው ይመጣል። ባሕረ ሰላጤው ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6.5 ሜትር አይበልጥም። የደቡብ ነፋስ በርዝመቱ ሲነፍስ ሞገዱን ለመገንባት በቂ ሜዳ ያገኛል፤ ባሕሩ ሲጎድል ወደ ደቡብ የሚፈስ ውሃ ከነፋሱ ጋር ሲጋጠም ደግሞ ሞገዱ ይበልጥ ያጥራል፣ ይበልጥም ይቆማል። ጣናም ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያወጣልና፣ ነገሩ በልጅነትዎ ካዩት የራቀ አይሆንም። የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት የቆመው ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ደለል ላይ ነው። የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ባነሰበት ቦታ ሁሉ ሞገዱ የታችኛውን መሬት መሰማት ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ያጥራል፣ ቁመቱ ከጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ያህል ሲደርስም ይሰበራል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ቀን መብራት ቤቱን ከጥልቁ በኩል ራቅ ብለው ይለፉት፤ መንገድ ለማሳጠር በደለሉ ላይ ማቋረጥ አይገባም።

ጀልባዋ ከቦታዋ ያልተንቀሳቀሰችበትን ምክንያት እንመልከት። የሦስት ሰከንድ ሞገድ በሰከንድ 4.7 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እርስዎ በአራት ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) ሲቃረኑት ሞገዶቹ በየሁለት ሰከንዱ ይመጡብዎታል። ትንሽ ጀልባ በራሷ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትወዛወዝበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ለዚህ ስለሚቀርብ፣ እያንዳንዱ ሞገድ የቀደመውን ውዝዋዜ ያጎላዋል። አቅጣጫዎን አሥር ወይም አሥራ አምስት ዲግሪ ከነፋሱ ራቅ ቢያደርጉ የመጋጠሚያው ጊዜ ይረዝማል፣ ሸራውም ጀልባዋን የሚገፋበት ኃይል ያገኛል። ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ክብደትም ዋጋ ያስከፍላል፤ ለውዝዋዜ የሚቆጠረው ክብደቱ ከመሃል ባለው ርቀት ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ያለው መልሕቅና ሰንሰለት ወደ ምሰሶው ግርጌ ቢዛወር ልዩነቱን ያኔውኑ ይሰማዎታል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ አዲስ ሸራ ለመግዛት ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ዕቃ ማውጣትንና ማዛወርን እመርጣለሁ።

የመሪው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በሞገድ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ እየሠራ ይንቀሳቀሳል፤ በአናቱ ላይ ሞገዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሸለቆው ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። በተናገርነው ሞገድ አናት ላይ ይህ ፍጥነት 1.8 ኖት ያህል ነው። ጀልባዋ ከሞገዱ ጋር በአምስት ኖት ስትጓዝ አናቱ ከኋላዋ ሲገባ፣ መሪው የሚያገኘው የውሃ ፍሰት አምስት ሳይሆን 3.2 ኖት ብቻ ነው፤ የመሪ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚቀንስ የቀረው አርባ በመቶ ያህል ይሆናል። በዚያው ቅጽበት የኋላዋ ክፍል ስለሚነሣ መሪው ከፊሉ ከውሃ ይወጣል፣ አፍንጫዋ ሸለቆው ውስጥ ይሰነቀራል፣ የኋላዋም ሊቀድማት ይሞክራል። ያኔ ጀልባዋ ጎኗን ለሚቀጥለው ሞገድ ትሰጣለች። የመሪዎ ምላጭ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ እስከ መጨረሻው ወርዶ መቆለፉን ይመልከቱ፤ ትንሽ ወደ ላይ የታጠፈ ምላጭ እጀታውን እጅግ ያከብደዋል፤ ብዙ ሰው ይህን የጀልባዋ ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል። ከኋላ በሚመጣ ሞገድ ሲሄዱ ትልቁን ሸራ ቀድመው ይቀንሱ፤ የሚጎትተው ሸራ ከፊት ያለው ይሁን። ሰዎችዎ ከፊት ወደ መሃል ይምጡ። መሪውንም ጀልባዋ መዞር ከጀመረች በኋላ ሳይሆን የኋላዋ መነሣት ሲጀምር ያንቀሳቅሱ።

ጎን መስጠት ለምን እንደሚፈራ በደንብ የታወቀው በ1979 በአየርላንድና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው የፋስትኔት ውድድር 15 ተወዳዳሪዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በሞዴል ጀልባዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ከጀልባው ርዝመት 30 በመቶ ያህል ቁመት ያለው የሚሰበር ሞገድ ጎኗን ያገኛትን ጀልባ ሊገለብጥ ይችላል፤ 60 በመቶ ሲደርስ ግን የቅርጿ ዓይነት ብዙም አያድናትም። ለእርስዎ ጀልባ 30 በመቶው ሁለት ሜትር ነው። ልብ ይበሉ፣ የተባለው የሚሰበር ሞገድ ነው፤ ያልተሰበረ ሁለት ሜትር ጀልባዋን ከፍ አድርጎ ያልፋል።

ንድፍ ሠሪዎች በዚህ ላይ የሚያደርጉት ምርጫ ሁሉ ከሌላ ነገር የሚቀነስ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ሆድ ያላት ጀልባ ቆማ ሳለች አትዘምም፤ ነገር ግን የሞገዱን ተዳፋት ተከትላ ትዘማለች፣ ከተገለበጠችም ተገልብጣ መቆየቱ ይመቻታል። ጠባብና ከባድ ኪል ያላት ቶሎ ትዘማለች፣ ሆኖም ጎኗ ውሃ ከነካ በኋላም ተመልሳ ትነሣለች። የእርስዎ ዓይነት የተሠራችው በተጎታች ተጭና ጥልቀት በሌለው ውሃ እንድትገባ ነው፤ ያንን ሥራ በደንብ ትሠራለች። በአውሮፓ የጀልባ ደንብ ሦስተኛው ምድብ እስከ ሁለት ሜትር ሞገድና እስከ ስድስተኛ ደረጃ ነፋስ ለሚሄዱ ጀልባዎች ነው፤ የእርስዎን እኔ ከዚያ በላይ አልሰጣትም።

ወደ ውቅያኖስ ስለመውጣት የጠየቁት እዚህ ላይ ይመለሳል። በኬፕ ቻርልስና በኬፕ ሄንሪ መካከል ባለው አፍ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ወደ ውጭ ሲፈስ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የአትላንቲክ ሞገድ ይጋጠመዋል፤ ከውጭ ረጅምና ረጋ ያለ የነበረው ሞገድ እዚያ አጥሮ ይቆማል። ስለዚህ በዚህች ጀልባ በሐምሌ እንዲወጡ አልመክርም፤ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድም በደቂቃዎች ውስጥ ነፋሱን ይለውጠዋል። በላይኛውና በመካከለኛው ባሕረ ሰላጤ አንድ ሙሉ ወቅት ቢሠሩባት ይሻላል፤ ከመነሣትዎ በፊትም የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት፣ ኖኣ፣ የሚያወጣውን የተንሳፋፊ መለኪያ ቁጥር ይመልከቱ። የሞገዱ ቁመት በጫማ ከሰከንዱ ቁጥር ጋር ከተካከለ፣ ለምሳሌ ሦስት ጫማ በሦስት ሰከንድ ከሆነ፣ ለ22 ጫማ ጀልባ ቀኑ ወደብ ውስጥ የሚዋልበት ነው።

እስከዚያው በጀልባዋ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። የመቀመጫውን ጉድጓድ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ይለኩ፤ 1.8 በ0.6 በ0.4 ሜትር ቢሆን ሲሞላ 430 ኪሎ ግራም ውሃ ይይዛል፤ አንድ ቶን ገደማ ለምትመዝን ጀልባ ይህ የኋላዋን የሚያሰምጥ ሸክም ነው። በባልዲ ሞልተው በማፍሰሻው ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይመልከቱ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሆነ ማፍሰሻውን ያስፉት። ከመቀመጫው ሥር ያሉት የሳጥን ክዳኖች መቆለፊያ ይኑራቸው፤ ጀልባዋ በጎኗ ስትተኛ ክዳኑ ከተከፈተ ውሃው በቀጥታ ወደ ሆዷ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ሞገድ ባለበት ጊዜ ቢያንስ የታችኛው ሳንቃው ተተክሎና ታስሮ ይሁን።

ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ግን የኪሉን መቆለፊያ ብሎን ነው። ኪሉ ሳይቆለፍ ጀልባዋ ብትገለበጥ ክብደቱ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይወድቃል፤ ያኔ የሚያስነሣት ነገር አይኖርም። በሚቀጥለው ጊዜ ከውሃ ስትወጣ ኪሉ የሚታጠፍበትን ዘንግና የሚያነሣውን የሽቦ ገመድ በባለሙያ ያስመርምሩ፤ ገመዱ ከተበላ ወይም አንድም ክሩ ከተበጠሰ ይቀየር።