ሁለቱ ‹ዴት› ለተጋጩብህ ወንድሜ፣ ከደሴ

አብሽር ወንድሜ። ጃቫ ዩቲልና ጃቫ ኤስኪውኤል የሚባሉትን ሁለቱንም ፓኬጆች (የክላስ ማኅደሮች) በኮከብ፣ ማለትም «ያለውን ሁሉ» ብለህ ኢምፖርት አድርገህ፣ ‹ዴት› የሚባለውን የቀን ክላስ ስትጠራ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር «የትኛውን?» ብሎ አላሳልፍ እንዳለህ ጽፈሃል። መቼም ለነጋዴ የዱቤ መዝገብ እየሠራህ ነው፤ እኛ አገር ከቀን ጋር የሚታገል ፕሮግራመር ዞሮ ዞሮ እሱን ነው የሚሠራው። እኔም የተቃጠልኩት እዚያው ላይ ነው።

1. ኮከቡን አጥፋው። አብዝተህ የምትጠቀምበትን አንዱን በስሙ አስገባ፤ በስሙ የገባ ክላስ በኮከብ የመጣውን ይበልጣል። ሁለቱንም በስማቸው ላስገባ ካልክ ግን ኮምፓይለሩ ጭራሽ አይቀበልህም። ኮከብ ዛሬ ቢሠራልህም ነገ ይከዳሃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃቫ 1.2 ሲወጣ ዩቲል ውስጥ ‹ሊስት› የሚባል ገባ፤ የስክሪን መስኮት መሥሪያው ፓኬጅ ኤደብሊውቲ ውስጥ ደግሞ ሌላ ‹ሊስት› ቀድሞም ነበረ። ሁለቱን ፓኬጆች በኮከብ አስገብቶ ‹ሊስት› ይል የነበረ ኮድ፣ ማንም ሳይነካው ኮምፓይል አልሆን አለ።

2. ሁለተኛውን ከነአባቱ ስም ጥራው። ደሴ ፒያሳ ቆመህ «ሰይድ!» ብትል ስንቱ ይዞራል? የአባቱን ስም ስትጨምርበት ነው የፈለግከው ሰው የሚመጣው። የዩቲሉን ኢምፖርት አድርግና፣ ወደ ዳታቤዝ የምታስገባበት መስመር ላይ ብቻ «ጃቫ ነጥብ ኤስኪውኤል ነጥብ ዴት» ብለህ ሙሉውን ጻፍ። ፓይተን ወይም ኮትሊን ቢሆን ‹አዝ› ብለህ ቅጽል ስም ታወጣለት ነበር፤ ጃቫ ላይ ይህ የለም። ደግሞ የኤስኪውኤሉ ‹ዴት› የዩቲሉ ልጅ (ከሱ የወረሰ ክላስ) ስለሆነ የአባቱ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይገባል፤ ሰዓት ስትጠይቀው ነው ስህተት የሚወረውርብህ።

3. ከሁሉ በላይ ኮምፓይለሩ ዝም ሲል ፍራ። ይህን የተማርኩት ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ ሐጂ ላይ ነው። ሐጂ ዱቤ ሲሰጡ «ለጥር 12 ትከፍለኛለህ» ነው የሚሉት፤ በፈረንጅ ቀን አይነጋገሩም። ጃቫ ደግሞ የሂጅራ፣ የጃፓንና የታይላንድ አቆጣጠር አብሮት ሲመጣ የኛን አላካተተም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን፣ ጆዳ ታይም የሚባል ከውጭ የሚጨመር የቀን ላይብረሪ አመጣሁ። ጆዳ ውስጥ ‹ሎካልዴት› የሚባል ክላስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ጀምሮ የጃቫ የራሱ የቀን ፓኬጅ በሆነው ጃቫ ታይም ውስጥም ‹ሎካልዴት› አለ።

የዱቤው ፋይል የጆዳውን ይዟል። «ዛሬ የሚከፍሉ» የሚለውን ገጽ ስጽፍ ግን ኤዲተሩ ካቀረበልኝ ዝርዝር የመጀመሪያውን ተጫንኩ፤ የጃቫው ሆነ። የመክፈያውን ቀን ከዛሬው ጋር «እኩል ናቸው ወይ?» ብሎ በሚጠይቀው በ‹ኢኳልስ› አስተያየሁ። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ስም ስላልተገናኘ ግጭት አልታየም፤ ‹ኢኳልስ› ደግሞ ማንኛውንም ነገር ይቀበላል፣ ዓይነቱ ከተለያየ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ገጹ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ሆነ። ሐጂ እኔን አምነው ደብተራቸውን ዘግተው ነበር። ቀኑ ያለፈበት ዱቤ 31 ደርሶ ነው የደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ የሚከፍል ሰው የለም እንዴ?»

መጀመሪያ የሮጥኩት እዚሁ ከተማ ወዳለ አንድ የሶፍትዌርና የጥገና ቢሮ ነው። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ዊንዶውሱ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ኮዱን እንዲያይልኝ ላፕቶፑን አዞርኩለት፤ በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። 1,200 ብር ግን ተቀበለኝ። ቀድሜ ባክአፕ ባልይዝ የሐጂ መዝገብ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ያገኘሁት ራሴው ነኝ። ሁለቱን ቀኖች ‹ጌትክላስ› (ክላስህ የቱ ነው?) ብዬ ሳሳትማቸው አንዱ «ኦርግ ጆዳ ታይም»፣ ሌላው «ጃቫ ታይም» ብሎ ወጣ። መስመሩ ላይ ኤዲተሩ በቢጫ አስምሮልኝ ነበር፤ ሁለት ወር አልፌዋለሁ። ኢምፖርቱን ወደ ጆዳ ብቀይረውም አልሠራ አለ፣ ምክንያቱም ጆዳ የኛን አቆጣጠርና የፈረንጁን እኩል አይላቸውም፤ ቀኑ አንድ ቢሆንም። በመጨረሻ ጆዳን አወጣሁና በየፋይሉ የጃቫውን ‹ሎካልዴት› ብቻ አደረግሁ። ለሐጂ ስክሪን ብቻ ትሪቴን ኤክስትራ ከሚባል ላይብረሪ የኛን ቀን የሚያሳየውን ‹ኢትዮፒክዴት›ን አመጣሁ፤ ስሙ ከማንም ጋር አይጋጭም። ከዚያም ዝርዝሩን አትሜ ከሐጂ ጋር ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም ከፈሉ፤ ፕሮግራሙም እስከ ዛሬ ይሠራል።

የራስህን ክላስ ‹ሪከርድ› እንዳትለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጃቫ 16 ወዲህ ሳትጠራው በየፋይሉ በሚገባው ጃቫ ላንግ ውስጥ ያ ስም አለ፤ የራስህን በኮከብ ካስገባኸው ያው ጣጣ ይመጣብሃል።

አሁን ፋይልህን ክፈትና አናቱ ላይ ያሉትን የኢምፖርት መስመሮች፣ ከዚያም ‹ኢኳልስ› ያለበትን ቦታ ሁሉ እዚህ ለጥፍልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አይልሃለሁ።