ከዋክብቱ «እየተወለዱ ነው» ወይስ «ይወለዱ ነበር»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ኤንጂሲ 1365 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ አዳዲስ ከዋክብት እየተወለዱ ነው» ብያለሁ። ባልደረባዬ ግን «ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 56 ሚሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ‹ይወለዱ ነበር› በል» ይለኛል። የማንኛችን ይሻላል?

መልስ፦ የእርስዎን አልሰርዘውም። ኤንጂሲ 1365 በደቡባዊው ሰማይ፣ በፎርናክስ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የሚታይ ባለዘንግ ጥምዝ ጋላክሲ ነው። በመካከሉ ረጅም የከዋክብት ዘንግ ተጋድሟል፤ ሁለቱ ትልልቅ ክንዶቹ ከዘንጉ ጫፍና ጫፍ ተነሥተው ይጠመዘዛሉ። የዘንጉ ስበት ጋዙንና አቧራውን ወደ እምብርቱ ይነዳዋል፤ እዚያ የተከማቸው ጋዝ እየታመቀ ኮከብ ይሆናል። ይህ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ሂደት ስለሆነ 56 ሚሊዮን ዓመት ጋላክሲውን ሥራ ያስፈታዋል ብዬ አላምንም።

ባልደረባዎ የሚረቱት ስለ እያንዳንዱ ኮከብ ሲወራ ነው። እጅግ ግዙፎቹ ሰማያዊ ከዋክብት ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጨርሰው ያልቃሉ። ክንዶቹ ላይ ደምቀው የምናያቸውን «አሁንም አሉ» ማለት አይቻልም፤ ለእነሱ «ነበሩ» ይገባቸዋል። «ተወልደዋል» እንኳ አይመቸኝም፤ በአማርኛ ይህ የግስ ቅርጽ የድርጊቱ ውጤት ዛሬም እንዳለ ያስጠረጥራልና።

እኔ ብሆን «አዳዲስ ከዋክብት ሲወለዱ ይታያሉ» ብዬ እጽፋለሁ። «ሲወለዱ» የራሱ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን ከዋናው ግስ ይወስዳል። ዋናው ግስ «ይታያሉ» ሲሆን ደግሞ ዛሬ የሆነው ማየታችን ብቻ ነው፤ ልደቱ መቼ እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርድም። ቋንቋችን ይህን ያህል ጥንቃቄ በአንዲት «ሲ» መሸከሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በዚሁ ጋላክሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የታየውን ሱፐርኖቫም (የኮከብ ፍንዳታ) «በ2012 ፈነዳ» ብለው አይጻፉ። «ታየ» ይበሉ።

ሌላም ልጨምር፤ «ከ56 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በፊት» የሚል አጻጻፍ በብዛት አነባለሁ። የብርሃን ዓመት የርቀት መለኪያ ስለሆነ «በፊት» አይከተለውም። «56 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል»፣ «ብርሃኑ ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተነሣ» ተብሎ ይጻፍ።