ቅዳሜ ስታዲየም፦ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ስታዲየሞች ትንሽ ጫር ጫር አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ሁሉንም ማዳረስ ስለማልችል የተደጋገሙትንና ልቤን የነኩትን መርጫለሁ። ፉትቦል ስል ያንን እንቁላል መሳዩን፣ በእጅ የሚወረወረውን ኳስ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትልቁ የቱ ነው? (ብዙ ሰው ጠይቋል)

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው፣ አን አርበር ከተማ ያለው። 107,601 ሰው ይይዛል፣ የተከፈተው በ1927 ነው። አብዛኛው ክፍል መሬት ተቆፍሮ ስለተሰራ ከውጭ ስታዩት “ይኼ ነው እንዴ?” ትላላችሁ። በሩን አልፋችሁ ቁልቁል ስትመለከቱ ነው የሚገባችሁ።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ፣ ተማሪ ሲጫወት ለማየት 100 ሺህ ሰው ይወጣል የምትለው ተረት ነው፣ ፕሮፌሽናሉ ሊግ እያለ ማን የኮሌጅ ልጅ ያያል ይለኛል።

ተረት አይደለም ወንድሜ። ሚሺጋን፣ ፔን ስቴት፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲ)፣ ቴነሲ… የእነዚህ ሁሉ ስታዲየም ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ይሞላልም። ነብራስካን እይ። ግዛቲቱ ውስጥ አንድም የትልቁ ፕሮፌሽናል ሊግ ቡድን የለም። ሊንከን ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ግን ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ያላለቀበት የሜዳው ጨዋታ የለም። በጨዋታ ቀን ስታዲየሙ ራሱ የግዛቲቱ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ይሆናል ይባላል፣ ቁጥሩን ብታሰላውም እውነት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፕሮፌሽናል ቡድን ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ካልተመቸው ቡድኑን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ የትም አይሄድም። አያት የተማረበት፣ እናት የተማረችበት፣ ልጅ የሚማርበት ቦታ ነው። የሚመጣው ሰው ኳስ ሊያይ ብቻ አይመጣም፣ የወጣትነቱን ሰፈር ሊያይ ነው። ተጫዋቾቹ ልጆችም ቢሆኑ ዝም ብለው በነጻ አይለፉም፣ ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ቢዘገይም ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወጣት፣ ሩቅ ለመሄድ ብር የለኝም፣ ቅርብ ምን አለ?

ቅርብማ አለልህ። መጀመሪያ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሂድ። በሜትሮ ሾው-ሃዋርድ ጣቢያ ወርደህ ትንሽ በእግርህ ነው። ስታዲየማቸው ትንሽ ነው፣ ግሪን ስታዲየም ይባላል፣ 7 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ደግነቱ ትንሽነቱ ነው። የትም ብትቀመጥ የከበሮው ድምፅ ደረትህ ላይ ያርፋል። ጥቁር አሜሪካውያንን ለማስተማር የተመሰረቱት ኮሌጆች ጋ ስትሄድ አንድ ነገር ልብ በል፦ በእረፍት ሰዓት ከወንበርህ እንዳትነሳ። ሌላ ቦታ ሰው ሽንት ቤትና ምግብ ፍለጋ ይወጣል፣ እዚህ ግን ሜዳ ላይ የሚጫወተውን ማርሽ ባንድ ትቶ የሚወጣ ሰው እምብዛም ነው። ኦክቶበር ላይ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት ሆምካሚንግ አላቸው፣ ያኔ ግን መተንፈሻ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ተራ ቅዳሜ ይሻልሃል።

ሃዋርድን ያስቀደምኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለኢትዮጵያ ደፋ ቀና ያለው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምናውን የተማረው እዚህ ነው። ከጨዋታው በኋላ ወደ ዩ ስትሪት ወረድ ብለህ የእኛን ቤቶች ታገኛለህ፣ ክትፎህን በልተህ በሜትሮ ትመለሳለህ።

ራቅ ማለት ከፈለግህ ደግሞ ቨርጂኒያ ቴክ አለ፣ ብላክስበርግ። በመኪና ከአራት ሰዓት ይበልጣል። ሦስት ጓደኛ ይዘህ ቤንዚኑን ተካፈሉ። ቡድኑ ሲገባ የሚለቀቅ አንድ የሜታል ዘፈን አለ፣ ከ2000 ጀምሮ ልማድ ሆኗል፣ ያኔ ስታዲየሙ በሙሉ ባንድ ላይ ይዘላል። እግርህ ስር ያለው ሲሚንቶ ሲወዛወዝ ይሰማሃል። አትደንግጥ።

ቦርሳ ይዤ እገባለሁ?

ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቦርሳ፣ እሱም ትንሽ። የስታዲየሙን ደንብ ግን ከቤት ሳትወጪ እዪ።

ከኮሎምበስ ኦሃዮ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ልጃቸው ኦሃዮ ስቴት ትማራለች፣ ማርሽ ባንዱ ውስጥ ትሮምቦን ትነፋለች። “እማዬ ነይ” ካለቻቸው ሁለት ዓመት አለፈ። ኳሱ አይገባኝም፣ ቅዳሜ ስራ አለኝ፣ ሰዉም ይሰክራል ይባላል፣ ሄጄ ምን እሰራለሁ ይላሉ።

እናቴ፣ ይሂዱ። ወፍራም ልብስ ሳያስፈልግ፣ ገና ሴፕቴምበር ላይ ይሂዱ።

ልጅዎ የገባችበትን ነገር ልንገርዎት። ያ ባንድ ውስጥ ክላርኔትና ዋሽንት የለም፣ የናስ መሳሪያና ከበሮ ብቻ ነው። ከ200 በላይ ልጆች ናቸው። በየዓመቱ ኦገስት አካባቢ ሁሉም እንደ አዲስ ይፈተናሉ፣ አምና የነበረውም ጭምር። አምና ነበርኩ ብሎ ቦታ የሚጠብቅ የለም። ሁለት ዓመት እዚያ ቆየች ማለት ሁለት ጊዜ ተፈትና አልፋለች ማለት ነው። ይህን ነግራዎት ይሆን? ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር “ባንድ አለኝ” ብለው በአንድ ቃል ነው የሚያልፉት።

ኦሃዮ ስታዲየም በ1922 የተከፈተ ነው፣ ቅርጹ የፈረስ ጫማ (ኮቴው ላይ የሚመታውን ብረት) ስለሚመስል ሰዉም በዚያው ስም ይጠራዋል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ባንዱ በሰሜን በኩል ባለው ቁልቁለት እየሮጠ ይገባል፣ መጀመሪያ ከበሮዎቹ፣ ከዚያ ረድፍ በረድፍ። መሪው ወደኋላ ተለምጦ የባርኔጣው ላባ መሬት ሲነካ ከ100 ሺህ ሰው የሚወጣውን ድምፅ እኔ ልጽፈው አልችልም። ከዚያ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ የቆየ ልማድ አላቸው። ሁሉም ሰልፍ ይዘው፣ አንዱ ያንዱን ዱካ እየተከተለ፣ እየነፉ “ኦሃዮ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ቅጥልጥል ጽሑፍ ሜዳው ላይ ይጽፉታል። መጨረሻ ላይ አንድ ሱዛፎን የሚባለውን ትልቁን የናስ መሳሪያ የተሸከመ አንጋፋ ልጅ ብቻውን እግሩን እያነሳ እየዘለለ ይወጣና የ“አይ” ፊደል አናት ላይ ነጥብ ሆኖ ይቆማል። ባርኔጣውን አውልቆ በግራም በቀኝም እጅ ይነሳል። አራትና አምስት ዓመት የለፋ ልጅ ነው ያን ቦታ የሚያገኘው። ሰዉ ቆሞ ነው የሚያጨበጭብለት።

ለዚህ ሁሉ ኳሱን ማወቅ አያስፈልግዎትም።

እኔ አንድ ጊዜ እዚያ ቁልቁለት አጠገብ ቆሜ ነበር። ባንዱ ለመግባት ተሰልፎ ይጠባበቃል። አንድ ትሮምቦን የያዘ ልጅ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑ ብቻ ወደ ላይ ወደ ሕዝቡ እየተንከራተተ የሆነ ሰው ይፈልጋል። መሳሪያውን በእጅጌው ጠረግ ያደርጋል፣ እንደገና ይፈልጋል። ከበሮው ሲጀምር ሳያገኝ ገባ። እስከ ዛሬ ያ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋም። ደብዳቤዎን ሳነብም እሱ ነው የመጣብኝ።

ብዙዎቻችን የልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ የምናውቀው በክፍያ ደረሰኝና በምርቃት ቀን ነው። ድርብ ሽፍት ሰርተን እንከፍላለን፣ ምርቃት ቀን ነጠላችንን ለብሰን እልል እንላለን፣ በመሐል ያለው አራት ዓመት አያገባንም። ለምን? በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ በሰሜን አሜሪካ ያለው የእኛ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው ውድድር፣ ከ1984 ጀምሮ፣ ስንት እናት ነው ማን ከማን እንደሚጫወት ሳታውቅ የምትሄደው? የምትሄደው ሰው ልታገኝ ነው። ይህም ያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የሜዳቸው ጨዋታ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ቢሆን ነው። አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ መጀመሪያ አካባቢ ከትንንሽ ቡድን ጋር ያለው ትኬት ይረክሳል። ለአለቃዎ ከወዲሁ ይንገሩ። ልጅዎን “የት መስመር ላይ ነው የምትቆሚው፣ በየትኛው በኩል ብቀመጥ አይሻለሁ?” ብለው ይጠይቋት፣ በደስታ ስዕል ስላ ትሰጥዎታለች። ጠዋት ባንዱና ቡድኑ ሴንት ጆን አሪና በሚባለው አዳራሽ አብረው ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ቢጀምሩ ደግሞ ግሩም ነው። ስካሩ አለ፣ አልዋሽዎትም፣ ግን በብዛት ውጭ መኪና ማቆሚያው አካባቢ ነው፣ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ክፍልም ሞልቷል። ከእረፍቱ በኋላ ከደከመዎት ወደ ቤትዎ ይሂዱ። እርስዎ የሄዱበት ጉዳይ አልቋል።

ከሄዱ በኋላ ይጻፉልኝ፣ እለምንዎታለሁ።

ፔን ስቴት ሁሉም ነጭ የሚለብስበት ምሽት አለ አሉ። የሀበሻ ልብስ ብለብስ ይስቁብኛል?

ማን ነው የሚስቅብሽ? ልበሺ እንጂ! ጥበቡ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ቀለማቸው ነው። ማታ ስለሆነ ይበርዳል፣ ከስር ደረብ አድርጊ።

ቴይልጌት ላይ የማያውቁኝ ሰዎች ድንኳናቸው ስር ጠርተውኝ ብሉ አሉኝ፣ አፍሬ አለፍኩ። መግባት ነበረብኝ?

ነበረብህ። ቴይልጌት ማለት ይኸው ነው፦ ሰው ከጨዋታው ብዙ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ፣ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ስጋ ጠብሶ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ሚሲሲፒ ኦክስፎርድ ላይ ግሮቭ የሚባል የዛፍ ጥላ አለ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ቻንደሌር ሳይቀር ይሰቅላሉ። ሉዊዚያና ኤልኤስዩ ጋ ደግሞ የተጋጣሚ ማልያ ለብሰህ ካለፍክ “የነብር ምግብ!” እያሉ ይጮሁብሃል፣ ወዲያው ጉምቦ ከሚባለው ወፍራም ሾርባቸው አንድ ሳህን ይሰጡሃል። ሁለቱንም ከልባቸው ነው። “እንብላ” እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህ እንዴት ይጠፋናል? በሚቀጥለው ባዶ እጅህን አትሂድ ብቻ። ዳቦ ቆሎ ይዘህ ሂድ፣ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስትሞክር ጓደኛ ታፈራለህ።

የስምንት ወር ልጅ ይዘን ኤልኤስዩ የማታ ጨዋታ ብንሄድስ?

ሌላ ስታዲየም ብትሉኝ አስብ ነበር። ይህኛውን አልመክርም። በኦክቶበር 8፣ 1988 ኤልኤስዩ ኦበርንን መጨረሻ አካባቢ በገባ ውጤት 7 ለ 6 ሲያሸንፍ የሕዝቡ ነውጥ ግቢው ውስጥ ባለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ላይ ተመዝግቧል። እስከ ዛሬ “የመሬት መንቀጥቀጡ ጨዋታ” ነው የሚባለው። ለሕጻን ጆሮ ይህ ቦታው አይደለም። የግድ ከሆነ ጥጥ ሳይሆን ለሕጻን የተሰራውን የጆሮ መከላከያ ግዙ። ሐኪሙንም ጠይቁ።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ አምና የልብ ቧንቧው ተከፍቶለታል። ሚሺጋን ስታዲየም ልወስደው አስቤያለሁ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ምንም ነገር ከመያዝህ በፊት የልብ ሐኪሙን አነጋግር። ይህን ለደንቡ ያህል አይደለም የምልህ። ትኬት እንዳትገዛ፣ ሐኪሙ “ይችላል” እስኪልህ ድረስ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሚሺጋን ቁልቁል የተሰራ ነው ብያለሁ። ስትገባ ደረጃውን ትወርዳለህ፣ ቀላል ይመስላል። ሽንት ቤት ለመሄድና ለመውጣት ግን ያንኑ ሽቅብ ትወጣዋለህ፣ ከፊትም ከኋላም ሕዝብ እየገፋህ። ሴፕቴምበር ላይ ጸሐዩም ምህረት የለውም፣ ጥላ የለም። የእኛ አባቶች ደግሞ ደከመኝ አይሉም። ደረታቸው እየተወጋ “ደህና ነኝ ልጄ” ይላሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ ትኬት ቢሮ ደውለህ ደረጃ የሌለበትን፣ ለአቅመ ደካሞች የተለየውን ቦታ ጠይቅ። መድኃኒቱ በኪሱ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ደረቱን ካመመው ወይ ትንፋሽ ካጠረው ጨዋታው ያልቃል ብለህ አትጠብቅ፣ ያገኘኸውን የስታዲየም ሰራተኛ ጥራ፣ 911 ደውል። ሐኪሙ አይሆንም ካለ ደግሞ ጨዋታ በሌለበት ቀን ግቢውን በመኪና አሳየው፣ ማታ በቴሌቪዥን አብራችሁ እዩ። አባትህ የመጣው አንተን ሊያይ ነው።

ጾም ላይ ከዋለብኝ ምን እበላለሁ?

ቤትሽ በልተሽ ሂጂ። ውስጥ የሚሸጠው ቅቤና አይብ የበዛበት ነው፣ ምግብ ይዞ መግባት ደግሞ በብዛት አይፈቀድም።

ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል የምትሰራ ነርስ፦ ኳስ አልወድም፣ ግን በሕይወቴ አንድ ስታዲየም ብቻ አያለሁ ብል የቱን ትመርጥልኛለህ?

ለአንቺ ኪኒክን፣ አዮዋ ሲቲ። ከአንቺ ጋ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። የተሰየመው በናይል ኪኒክ ነው፣ በ1939 የኮሌጅ ፉትቦልን ትልቁን ሽልማት ያሸነፈ፣ በ1943 በባሕር ኃይል የበረራ ልምምድ ላይ የሞተ ልጅ።

አንቺን የምልክሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ከስታዲየሙ አጠገብ የሕጻናት ሆስፒታል አለ፣ ከፍ ያለ ሕንጻ፣ መስኮቱ ሜዳውን ቁልቁል ያያል። ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋው ሰው ከሜዳው ፊቱን ያዞራል። ተጫዋቹ፣ ዳኛው፣ የተጋጣሚው ደጋፊ ሳይቀር። ሁሉም ወደ ሆስፒታሉ እጁን ያውለበልባል። ላይ መስኮቱ ላይ ልጆች አሉ፣ አንዳንዱ ከነ ግሉኮስ መስቀያው፣ አንዳንዱ እናቱ አቅፋው፣ እነሱም መልሰው ያውለበልባሉ። ማታ ከሆነ ሰዉ የስልኩን መብራት አብርቶ ነው።

ትኬት ስትገዢ በምዕራብ በኩል ያለውን ያዢ፣ ሆስፒታሉ ፊት ለፊትሽ ይሆናል።