ያቀለሙት የጥጥ ሱሪ ለምን ቀለም ይለቃል? ኮምጣጤስ ይረዳል?

ጤና ይስጥልኝ። የደበዘዘ ጥቁር የጥጥ ሱሪዎን ቤት ውስጥ ካቀለሙት በኋላ በታጠበ ቁጥር እንደሚለቅ፣ የስፌቱ ክር ግን ጨርሶ እንዳልጠቆረ ገልጸው፣ ኮምጣጤ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ይጸና እንደሆነ ጠይቀዋል።

ኮምጣጤ ለጥጥ አይረዳም። አሲድ የሚያስፈልገው ሱፍንና ሐርን ለእነርሱ በተዘጋጀ ቀለም ለማቅለም ሲሆን፣ ጥጥን አጥብቆ የሚይዘው ሪአክቲቭ የተባለው ቀለም የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ሶዳ አሽ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ውሃውን አልካላይን ሲያደርገው ቀለሙ ከጥጡ ጋር ጽኑ ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል። ጨው የሚጨመረው ቀለሙ ከውሃው ወደ ጨርቁ እንዲሳብ ነው እንጂ ለማጽናት አይደለም። በጨውና በጣም በሞቀ ውሃ ብቻ የሚሠራው ዳይሬክት ቀለም እንዲህ ያለ ትስስር ስለማይፈጥር፣ በየእጥበቱ ጥቂት ጥቂት መልቀቁ ባሕርይው ነው። የእርስዎም ከዚህ ወገን ይመስለኛል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ቢያዩ ይረጋገጣል።

ሪአክቲቭ ሆኖ ከተገኘ ግን ችግሩ አጥቦ አለመጨረስ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ጨውና ሶዳው እስኪወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ከዚያ ያልተጣበቀው ትርፍ ቀለም የሚወጣው በጣም በሞቀ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡት።

ክሩ ፖሊስተር ሳይሆን አይቀርም፤ የጥጥ ቀለም ፖሊስተርን አይነካውም። በበኩሌ እንዳለ ብተወው እመርጣለሁ፤ ነጣ ያለ ስፌት በጥቁር ሱሪ ላይ አያስከፋም። እንደገና ካቀለሙ የቀለሙን ዱቄት ሲበጠብጡ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ምግብ የሚሠራበትንም ድስት አይጠቀሙ።