የሚሻገር ቁጥር የለም

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቀን እየሠራሁ ማታ በአንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ 15 ዓመት ስለሆነኝ አልጀብራ አዲስ ሆኖብኛል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሲሠሩት ይገባኛል፤ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስሞክረው ግን ይጠፋብኛል። ለምሳሌ 3 − 2(ኤክስ − 5) = 7 የሚለውን ስሠራ፣ ቅንፉን ፈትቼ 13 − 2ኤክስ = 7፣ ቀጥሎም −2ኤክስ = −6 ላይ ደረስኩ። «ቁጥር ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ተብለን ስለተማርን −2ን አሻግሬ −6 + 2፣ ማለትም −4 አገኘሁ። መልሱ ግን 3 ነው ተባልኩ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው? በዚህ ዕድሜስ አልጀብራ መማር ይቻላል?

መልስ፦ የመጨረሻውን በቅድሚያ ልመልስ፤ ይቻላል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበትን ቅንፍ እርስዎ በትክክል ፈትተዋል፤ −2 እና −5 ሲባዙ +10 እንደሚሆኑ አልሳቱም። ያሳሳተዎት «ይሻገራል» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ለመደመርና ለመቀነስ ትክክለኛ ውጤት ስለሚሰጥ ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስላል እንጂ፣ ከእኩል ምልክት ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚሻገር ቁጥር የለም።

የእኩል ምልክቱን ባለሁለት ሳሕን ሚዛን አድርገው ይመልከቱት። 13 ከግራ የጠፋው ከሁለቱም ሳሕን ላይ 13 ስለተቀነሰ ነው፤ በቀኝ በኩል 7 − 13 = −6 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። −2ኤክስ ግን −2 በኤክስ ተባዝቶ የተገኘ ነው፤ ማባዛትን የሚፈታው ደግሞ ማካፈል ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ለ−2 ማካፈል ይገባል። −6 ለ−2 ሲካፈል 3 ይሆናል። በሁለቱም ወገን እኩል መሥራት በሙያዎም ያጋጥምዎታል፤ አንድ ድርጅት ገንዘብ ሲበደር ሀብቱም ዕዳውም በእኩል መጠን ይጨምራሉ።

የትምህርቱ ስም ራሱ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ «አል-ጀብር» ያለው፣ የተቀነሰውን መጠን በሁለቱም ወገን ደምሮ ጎደሎውን መሙላትን ነበር። ቃሉ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንንም ስለሚያመለክት፣ አልጀብራ የሚማር ሰው ከወጌሻ ጋር ሙያ ይጋራል ማለት ይቻላል። ሊቁ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች ስላልነበሩት ስሌቱን በቃላት ነበር የሚጽፈው፤ እርስዎም ሲጨንቅዎት እንደዚያው ያድርጉ። «ከ13 እንጀራ ላይ ለሁለት ጎረቤቶች እኩል ሰጥቼ 7 ቀረኝ» ቢባሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 3 እንደደረሳቸው ያለ ምንም ሕግ ይናገራሉ። 13 − 2ኤክስ = 7 ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም።

በሰሌዳ ላይ ገብቶዎት ቤት የሚጠፋብዎት ደግሞ፣ መምህሩ እያንዳንዱን እርምጃ ሲጽፉ ያንን እርምጃ ለምን እንደመረጡ ስለማይጽፉ ይመስለኛል። ስለዚህ ከደብተርዎ ጥያቄውን ብቻ ገልብጠው ደብተሩን ይዝጉና በማግሥቱ እንደገና ይሥሩት፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ከሁለቱም 13 ቀነስኩ»፣ «ሁለቱንም ለ−2 አካፈልኩ» እያሉ በአማርኛ ይጻፉ። ያገኙትን መልስም ወደ መነሻው ጥያቄ መልሰው ያስገቡት። −4ን በኤክስ ቦታ ቢያስገቡት ኖሮ ግራው 21 ይሆን ነበር፤ 7 አለመሆኑንም ማንም ሳይነግርዎት እዚያው ያዩት ነበር።