የጭንቀት ሆርሞን ምርመራ ለምትጠይቁ ልጆቼ

ይድረስ ለጎንደር ወጣቶች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ደም ስቀዳና ውጤት ስጽፍ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጎረቤት ልጆች፣ የዘመድ ልጆች፣ አንዳንዴም የማላውቃቸው ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልኛል። «ድብርት ሳይዘኝ አይቀርም፤ የጭንቀት ሆርሞኔ ቢለካ እውነቱ ይታወቅ ይሆን?» ይሉኛል። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ቤተሰብ «ምን ጎደለብህ?» ሲል፣ ጓደኛ «ስንፍና ነው» ሲል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ያምራል። ያ ወረቀት ግን የምትፈልጉትን ምስክርነት ሊሰጣችሁ አይችልም። ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

ሆርሞኑ ኮርቲሶል ይባላል። የሚመነጨው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ሲሆን ትእዛዙ የሚወርደው ከአንጎል ነው። ሰው ከእንቅልፉ በሚነቃበት ሰዓት ከፍ ይላል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰዓቱ በትክክል ያልተመዘገበ የኮርቲሶል ውጤት ዋጋ የለውም። በአገራችን ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩ ሁለት ዓይነት ነው። የደም ቱቦው ላይ «2:00» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ፣ የጻፈው ባለሙያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓውያን ሰዓት የሚያነብ ሰው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ለጠዋት ጤናማ የሆነ መጠን ለሌሊት ሲሆን በሽታ ይመስላል። አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች «ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን ቃል ካልጻፋችሁ ቱቦውን አልቀበልም» እላቸው የነበረው ለዚህ ነው።

ይህ ሆርሞን ድብርትን ይለያል የሚል ትልቅ ተስፋ የነበረበት ዘመን ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በርናርድ ካሮል የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ሜላንኮሊያ የሚባለውን ከባድ የድብርት ዓይነት በላቦራቶሪ መለየት ይቻላል የሚል ጥናት አሳተሙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ታማሚው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ይውጣል፤ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደም ይሰጣል። መድኃኒቱ ኮርቲሶልን ስለሚመስል የጤናማ ሰው አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ምርቱን ያስቆማል። ኮርቲሶሉ ከ5 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ መቆጣጠሪያው ትእዛዝ አልቀበል ብሏል ማለት ነው። ምርመራው በብዙ አገሮች ተሞከረ። ነገር ግን ድብርት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ በአንዳንድ ጥናቶችም ከዚያ የሚበልጡት፣ ኮርቲሶላቸው እንደ ጤነኛ ሰው ወረደ። ድብርት የሌለባቸው ሌሎች ደግሞ ሳይወርድላቸው ቀረ። ዛሬ ይህ ምርመራ በዋናነት የሚያገለግለው ኩሺንግ ሲንድሮም የሚባለውን የሆርሞን በሽታ ለመፈለግ ነው። ድብርት የሚለየው ሐኪሙ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያው አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ጠይቆና አድምጦ ነው።

ስለዚህ ውጤታችሁ «ኖርማል» ቢል ሕመማችሁ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ማንም ወረቀቱን ይዞ «አየህ፣ ምንም የለብህም» ሊላችሁ መብት የለውም።

ውጤቱን ከሚያዛቡት ነገሮች ሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ ረሃብ ነው። አኖሬክሲያ ነርቮሳ በሚባለው የአመጋገብ መዛባት የተያዘ ሰው ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ዴክሳሜታዞን ቢወስድም ብዙ ጊዜ አይወርድለትም፤ ክብደቱ ሲመለስ ግን ውጤቱም ይስተካከላል። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለጥናት ሲባል ምግብ ሲቀነስባቸውም ይኸው ታይቷል። ረሃብ ስሜትንም ይለውጣል። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀንሶ ነበር። ድብርት ያዛቸው፣ ቁጡ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ስለ ምግብ ብቻ እያሰቡ የወጥ ቤት መጽሐፍ ሲያነቡ ዋሉ። እንግዲህ ራሷን በረሃብ የምትቀጣ ልጅ «መጀመሪያ ድብርቴ ይታከምልኝ፣ ከዚያ እበላለሁ» ስትል፣ አንዱ ሌላውን እየመገበው መሆኑን ማወቅ ይኖርባታል። የምግቡ ሕክምና ለነገ የሚባል አይደለም።

መድኃኒቶችም ያሳስታሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ዴክሳሜታዞኑን ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጡት ኮርቲሶሉ ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ደግሞ በደም ውስጥ የሚለካውን ኮርቲሶል ከፍ ያደርጋል።

በሙያዬ ብትጠይቁኝ፣ የምታስታውክ ወይም ምግብ የተወች ልጅ ስትመጣ አስቀድሜ ማየት የምፈልገው ኮርቲሶሏን ሳይሆን ፖታሲየም የሚባለውን በደሟ ውስጥ ያለ ማዕድን ነው። ማስታወክ ፖታሲየምን ያሟጥጣል፤ እጅግ ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፣ ሊገድልም ይችላል። ከረጅም ረሃብ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም ፎስፌት የሚባለውን ሌላ የደም ማዕድን በድንገት ስለሚያወርድ አደገኛ ነው፤ በጣም የከሳ ሰው ምግብ የሚጀምረው በሐኪም ክትትል ነው። ለድብርት ደግሞ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ይጠቅማል፤ ሁለቱም ድካምና ሐዘን የሚመስል ስሜት ያመጣሉ።

ደም የሚቀዳ ሰው እጅ ያያል። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ የምትመጣ፣ እጇ እንደ ውኃ የቀዘቀዘ፣ ክንዷ ላይ ስስ ፀጉር የበቀለ፣ ላስቲኩ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ እንኳ ሥሯ የማይገኝ ልጅ አለች። በጣቶቿ ጀርባ፣ በአንጓዎቹ ላይ፣ ጥርሷ ደጋግሞ የነካው ጠባሳ ያለባትም አለች፤ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ እየከተተች ስለምታስታውክ ነው። እነዚህን ልጆች «የውጭ አገር በሽታ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እበሳጫለሁ። ወንዶችም ይታመሙበታል።

እኛ ዘንድ ሕመሙ የሚሸሸግበት ቦታ ብዙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ምሳ ያልበላችን ልጅ ማን ይጠይቃታል? ጾምን የማከብር ሰው ነኝ። ነገር ግን ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ቤተሰብ ሁሉ እየበላ እሷ «ሆዴን አሞኛል» እያለች እንጀራውን ከሰፌዱ ጠርዝ እየቆራረሰች የምትገፋ ከሆነ፣ ነገሩ ከጾም ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን በጾም አታስገድድም፤ በእስልምናም እንዲሁ ነው። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አማክሩ። ጸበል የምትጠመቁም ከሆነ ተጠመቁ፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከተማችን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት፤ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በወረቀት ጻፉ። ለመወፈር ብላችሁ ዴክሳሜታዞን የምትውጡ፣ ፊት ለማቅላት ስቴሮይድ (ኮርቲሶልን የሚመስል መድኃኒት) ያለበት ቅባት የምትቀቡ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። በገዛ እጃችሁም በድንገት አታቁሙት፤ እንክብሉ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ አድሬናል እጢዎቹን ስለሚያሰንፋቸው፣ ሲቆም ሰውነት የሚያስፈልገውን ኮርቲሶል ሊያጣ ይችላል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጓደኛችሁን የምትሸኙ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉላት። እናቷ አጠገቧ ቆማ ሳለ «አስታውካለሁ» አትልም። ሐኪሙን ለብቻዋ እንዲያነጋግራት ጠይቁት፤ እስክትወጣም በር ላይ ከእናቷ ጋር ሆናችሁ ጠብቋት።