እናታችን ቤታቸውን ሸጠዋል፤ ሜዲኬይድ ይከለከላሉ ወይ?

እህታችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሜሪላንድ የሚኖሩት እናታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ቤታቸውን ሸጠው፣ ከገንዘቡ ከፊሉን ለልጆቻቸው አካፍለው በቀረው ሲኖሩ ቆይተዋል። አሁን የመርሳት ሕመም ጠንቶባቸው ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያና መታከሚያ) መግባት ግድ ሆኗል፤ ገቢና ሀብታቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም፣ ሜዲኬይድ፣ «ቤት ስለሸጡ አይከፍልላቸውም» የሚለው ወሬም ቤተሰቡን አስጨንቆታል። የአባቴን ማመልከቻ ከመነሻው እስከ ውሳኔው የተከታተልኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ከዚያም ወዲህ በአጥቢያችን ያሉ ጥቂት ቤተሰቦችን ወረቀት በማሰባሰብ ስላገዝኩ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም።

ቤት መሸጥ በራሱ ማንንም አያስከለክልም። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት በአብዛኛው ከሀብት ስለማይቆጠርና ገንዘብ ግን ስለሚቆጠር፣ ሽያጩ የሚለውጠው ነገር ያልተቆጠረውን ሀብት የሚቆጠር ማድረጉ ነው። በሜሪላንድ ብቻውን የሚያመለክት ሰው በእጁ ሊኖረው የሚችለው 2,500 ዶላር፣ በቨርጂኒያ ደግሞ 2,000 ዶላር ነው። ስለዚህ የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቤቱ በትክክለኛ ዋጋው ተሸጧል ወይ፣ ገንዘቡስ የት ገባ? 450,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ለልጅ በ200,000 ከተሸጠ፣ ልዩነቱ 250,000 ዶላር እንደ ስጦታ ይያዛል። በገበያ ዋጋ ተሽጦ ገንዘቡ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለሕክምናና ለአስታማሚ ደመወዝ ከዋለ ግን፣ ማስረጃ እስካለ ድረስ ቅጣት የለበትም።

መሥሪያ ቤቱ ስጦታ ተሰጥቷል ወይ ብሎ ወደኋላ የሚመረምርበት የጊዜ ወሰን አምስት ዓመት ነው። ቀድሞ 36 ወር የነበረውን በ2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ ወደ 60 ወር ያሳደገው ሲሆን፣ ቆጠራው ሜዲኬይድ ለነርሲንግ ሆም እንዲከፍል ካመለከቱበት ቀን ወደኋላ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ቅጣቱ በገንዘብ አይከፈልም፤ ሜዲኬይድ የማይከፍልባቸው ወራት ናቸው። የተሰጠው ገንዘብ ግዛቱ ለአንድ ወር የነርሲንግ ሆም አማካይ ወጪ ብሎ ባስቀመጠው መጠን ይካፈላል። ለስሌት እንዲመች ስጦታው 120,000 ዶላር፣ የወሩ አማካይ 12,000 ቢሆን፣ ቅጣቱ አሥር ወር ይሆናል ማለት ነው። እነዚህ አሥር ወራት የሚጀምሩት ስጦታው ከተሰጠበት ቀን አይደለም፤ እናትዎ ነርሲንግ ሆም ገብተው፣ ገንዘባቸው ከወሰኑ በታች ወርዶ፣ አመልክተው፣ ከስጦታው በስተቀር ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ሲገኝ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቅጣቱ የሚወድቀው በእጃቸው ምንም በሌለበት ወቅት ነው።

በዚህ ምክንያት የማመልከቻውን ቀን ሳያሰሉ መሮጥ ከሁሉ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ስጦታው ከተሰጠ አራት ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ሰው፣ የቀሩትን አራት ወራት ቤተሰቡ ተጋግዞ ከኪሱ ቢከፍል፣ የአምስት ዓመቱ ወሰን ስለሚያልፍ ስጦታው ከነጭራሹ አይቆጠርም። በእርስዎ ጉዳይ ግን ገና ሁለት ዓመት ያህል ስለሚቀር ነገሩ በስጦታው መጠን ይወሰናል፤ ቅጣቱ ጥቂት ወራት ብቻ ከሆነ አሁኑኑ አመልክቶ ቆጠራውን ማስጀመር፣ ከሁለት ዓመት የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ሊሻል ይችላል። ልጆቹ ገንዘቡን መመለስ ከቻሉ ቅጣቱ ሊነሣ ይችላል፤ ከፊሉ ብቻ ሲመለስ ግን አያያዙ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ ከመመለሳችሁ በፊት በአረጋውያን ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ አማክሩ። ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፈለው ከአንድ ወር የነርሲንግ ሆም ክፍያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

«በዓመት 19,000 ዶላር መስጠት ይፈቀዳል» የሚሉ አሉ። ይህ የ2025 የስጦታ ግብር ወሰን ነው፤ የሚመለከተው የግብር መሥሪያ ቤቱን ብቻ ስለሆነ ለሜዲኬይድ አይሠራም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የቤቱ ሽያጭ የተጠናቀቀበት የክሎዚንግ ሰነድ፣ ቀሪው ገንዘብ ባንክ የገባበት ስቴትመንት፣ ከዚያም እስከ ዛሬ ያለው የባንክ መዝገብ በሙሉ ያስፈልጋል። የአባቴን ጉዳይ የያዘችው ኬዝ ወርከር (የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ተከታታይ) ከፍ ከፍ ያለውን ወጪ ሁሉ በቢጫ አስምራ መልሳልን፣ እያንዳንዱን እንድናስረዳ ጠየቀች። በየወሩ በጥሬ ገንዘብ የወጣው አንድ ሺህ ዶላር የዕቁብ ነበር። ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ዕጣው በየትኛው ወር እንደደረሰው በአንድ ገጽ ጽፈን፣ የዕቁቡን ሰብሳቢ አስፈርመን፣ ገንዘቡ ተመልሶ ባንክ የገባበትን ቀን ከደብዳቤው ጋር አያይዘን ላክን፤ ተቀበለችን። ጎንደር ላለች እህቱ በየበዓሉ የላከው ግን፣ የሐዋላው ደረሰኝ ሁሉ ቢኖርም፣ ወይም ደረሰኙ ስለነበረ ማለት ይቻላል፣ ስጦታ ተብሎ ተደመረ። የእኛ ሰው ወደ ሀገር ቤት ለዘመድ የሚልከውን እንደ ግዴታ እንጂ እንደ ስጦታ ስለማያየው፣ ብዙ ቤተሰብ በማመልከቻው ላይ ሳይጽፈው ያልፋል፤ ባንኩ ግን ይጽፈዋል። እንዲሁም እናቱን ሲያስታምም የኖረ ልጅ «የድካሜ ዋጋ ነው» ብሎ የወሰደው ገንዘብ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተፈረመ ውል ከሌለ ስጦታ ሆኖ ይቆጠራል።

ቤታቸውን ገና ያልሸጡ ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት። እናቱ ነርሲንግ ሆም ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያው ቤት አብሯቸው ኖሮ፣ በእርሱ እንክብካቤ ምክንያት መግባታቸው የዘገየ ልጅ፣ ቤቱ ያለ ቅጣት ሊተላለፍለት ይችላል። ይህ መብት ለቤቱ እንጂ ቤቱ ተሽጦ ለተገኘው ገንዘብ ስላልተሰጠ፣ ተቻኩሎ መሸጥ መብቱን ያስቀራል። ለባል ወይም ለሚስት ማስተላለፍም ቅጣት የለበትም።

በመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ ቤት ለሸጡ ወላጆች። የአምስት ዓመቱ ምርመራ ኢትዮጵያ ያለውንም ንብረት ይጨምራል፤ በውልና ማስረጃ ፊት ለልጅ የተደረገ የስጦታ ውልም ከስጦታ ይቆጠራል። በሽያጭ ውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ በእውነት ከተከፈለው ያነሰ ከሆነ፣ ቤቱ ከዋጋው በታች የተሸጠ ስለሚመስል ማስረዳት ሊከብድ ይችላል። ብሩ ከሐምሌ 2024 ወዲህ በብዙ ስለረከሰ፣ ሽያጩ በተፈጸመበት ቀን የነበረውን የባንክ ምንዛሪ ከውሉ ትርጉም ጋር አያይዙ። ይህንን አምስት ዓመት ግን በቤተሰብ በኩል በግሪን ካርድ የመጡ አዛውንት ሜዲኬይድ ለማግኘት በአብዛኛው ከሚጠብቁት አምስት ዓመት ጋር አታምታቱት። አንዱ የገንዘብ፣ ሌላው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ስለሆነ፣ አንዱ መሟላቱ ሌላውን አያስቀርም።